ክሎሮፎርምን በክሎሮፎርም መፈለግ፤ ስለ ውሃ ናሙና አዘገጃጀት የቀረበ የታሪክ ጥናት

በ1908 በአሜሪካ አገር በጀርዚ ሲቲ ከተማ የመጠጥ ውሃ ላይ ያለማቋረጥ ክሎሪን ይጨመርበት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሥራ ወደ ሌሎች ከተሞችና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቶ፣ በውሃ የሚመጣውን የአንጀት ተስቦ እጅግ አሳነሰው። ነገር ግን ክሎሪን ከወንዝ ወይም ከሐይቅ በመጣ ውሃ ውስጥ በገባ ጊዜ ተሐዋስያንን ከመግደል በቀር አንድ ሌላ ሥራም ይሠራል። ይኸውም ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር ታጥቦ ከመጣው ቡናማ ነገር ጋር ተዋሕዶ ክሎሮፎርምን ያስገኛል። ይህ ነገር ክሎሪን ለውሃ ከተጨመረበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የነበረ መሆኑ አያጠራጥርም። ከክሎሪኑ የሚመጣ መሆኑ በግልጽ ታውቆ የተጻፈው ግን በ1974 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የሚጠጣው ነገር እንዴት ሳይታወቅ ኖረ?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «በቂ መሣሪያ አልነበረም» ይባላል። የሳይንስን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች መሣሪያን እንደ ጀግና አድርገው መተረክ ይወዳሉ። አዲስ መኪና ተፈለሰፈ፣ ተሰውሮ የነበረውም ነገር ታየ፣ በማለት ምዕራፉን ይዘጉታል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ግን ነገሩ እንደዚህ አለመሆኑን ነው። መሣሪያው ቀድሞ ነበረ። ክሎሮፎርሙ ያልታየው ውሃው ከቧንቧ ከተቀዳ በኋላ ወደ መሣሪያው እስኪደርስ ድረስ በሚደረግለት ዝግጅት ምክንያት ነው። ዝግጅቱ የሚፈለገውን ነገር ያባርረው ነበር፤ የሚገርመውም፣ ለዝግጅቱ የሚያገለግለው ፈሳሽ ራሱ ክሎሮፎርም ነበር።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ክሎሮፎርም በቀላሉ ከሚተኑት፣ ካርቦን ካለባቸው ውሁዶች አንዱ ነው። የሚፈላውም በባሕር ወለል ከፍታ በ61 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በውሃ ውስጥ በጥቂቱ ቢሟሟም ውሃውን የሙጥኝ ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ከውሃው በላይ አየር ካገኘ ከሁለቱ ድርሻውን ይከፋፈላል። አየሩ ከተለዋወጠ እንደገና ይከፋፈላል፤ እንዲህ እያለ ያልቃል። በእናቶቻችን ቤት ቡና ሲፈላ መዓዛው ደጅ ድረስ የሚሰማው በዚሁ ሕግ ነው። ከቤቱ ውጭ ለቆመ ሰው የደረሰው መዓዛ ግን ከጀበናው ውስጥ ጎድሏል ማለት ነው። እንግዲህ የቡናውን መዓዛ መጠን ለመለካት የሚፈልግ ሰው ቡናውን በሰፊ ገበቴ ገልብጦ በፀሐይ ካደረቀ በኋላ የቀረውን ዝቃጭ ቢመዝን ምን ያገኛል? ይህ ምሳሌ የቀልድ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የምርመራ ዘዴ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

በ1951 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሚሠሩት ብራውስ፣ ሚድልተንና ዋልተን የተባሉ ሦስት ሰዎች በወንዝ ውሃና በተጣራ ውሃ ውስጥ ያሉትን ኦርጋኒክ ነገሮች ስለመሰብሰብ አንድ ጥናት አሳተሙ። ችግራቸው ይህ ነበር። በውሃ ውስጥ ያሉት ኦርጋኒክ ነገሮች እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ለሚዛን የሚበቃ ነገር አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ውሃ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በሙቀት ተዘጋጅቶ የመሳብ ኀይሉ የበረታ ከሰል በመስተዋት ቧንቧ ውስጥ ይሞላና 5,000 ጋሎን የሚያህል፣ ማለት ወደ 19,000 ሊትር ውሃ፣ በብዙ ቀን ቀስ እያለ በላዩ ያልፋል። ኦርጋኒኩ ነገር ከከሰሉ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከሰሉ ይወጣና ለብ ባለ አየር ይደርቃል። ደረቁ ከሰል በሶክስሌት ዕቃ ውስጥ ይገባል። (ይህ ዕቃ ጀርመናዊው ፍራንዝ ሶክስሌት በ1879 የወተትን ቅባት ለመለካት ያወጡት ሲሆን፣ ማሟሚያው ፈሳሽ እየፈላና እየቀዘቀዘ ደጋግሞ በናሙናው ላይ እንዲወርድ የሚያደርግ ነው።) በዚህ ዕቃ ውስጥ ክሎሮፎርም ከአንድ ቀን በላይ እየተመላለሰ ከሰሉ የያዘውን አሟሙቶ ያወጣል። በመጨረሻም ክሎሮፎርሙ በሙቀት ተንኖ እንዲጠፋ ይደረግና በብልቃጡ ሥር የቀረው ቡናማ ዝቃጭ ይመዘናል። ይህ ክብደት «የከሰል ክሎሮፎርም ውጤት» ይባል ነበር።

አንባቢ ልብ ይበል። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚተነው ነገር የሚያመልጥበት በር አንድ ብቻ አይደለም። ከሰሉ ሲደርቅ አንድ ጊዜ ያመልጣል፤ ማሟሚያው ተንኖ ሲጠፋ ሁለተኛ ያመልጣል። እነዚህን ሁለቱን እንኳ ቢያልፍ፣ ከውሃው የመጣው ክሎሮፎርም ከጠርሙስ ከመጣው ክሎሮፎርም የሚለይበት ምልክት የለውም። ሁለቱ ተቀላቅለው አብረው ይባረራሉ። እንግዲህ ዘዴው ክሎሮፎርምን አሳንሶ የሚያሳይ ነው ማለት አይበቃም፤ ክሎሮፎርም ቢኖርም ባይኖርም መልሱ አንድ ነው።

ዘዴው በላቦራቶሪ ብቻ የቀረ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እምብዛም ባላሳሰበን ነበር። በ1962 ግን የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባወጣው የመጠጥ ውሃ ደንብ ውስጥ ገባ። የከሰል ክሎሮፎርም ውጤት በአንድ ሊትር ከ0.2 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም ተባለ። በ19,000 ሊትር ቢሰላ ይህ ከአራት ግራም በታች የሆነ ዝቃጭ ነው። ከዚህ በታች የሆነ ውሃ በኦርጋኒክ ነገር በኩል የሚያሠጋ እንዳልሆነ ተቈጠረ። ስለዚህ በየዓመቱ በመዝገብ የሚገባው ቍጥር የሚተኑትን ነገሮች ሁሉ ያላካተተ ሆኖ ሳለ፣ የሚያነበው ሰው ግን የሁሉ ድምር አድርጎ ያየው ነበር።

እነዚህን ሰዎች ለመውቀስ የተጻፈ አይደለም። ሥራቸው የተጀመረው የውሃን መጥፎ ጣዕምና ሽታ፣ ከፋብሪካ ወደ ወንዝ የሚፈሰውን ዘይትና ፌኖል ለመከታተል ነበር። ለዚህም ዘዴው በደኅና ሠርቷል፤ በኋላም እንደ ዲዲቲ ያሉትን የተባይ ማጥፊያ መድኃኒቶች በወንዞች ውስጥ ለማግኘት ረድቷል። እነዚህ ከባድ ነገሮች ናቸው፤ በቀላሉ አይተኑም። ስሕተቱ ከዘዴው ይልቅ በአጠቃቀሙ ላይ ነው እላለሁ። ለአንድ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ለሌላ ጥያቄም መልስ ሆኖ ተወሰደ። ወደ ድሮ መዛግብት የሚገባ የታሪክ ተማሪም ይኸው አደጋ ይጠብቀዋል፤ ግብር ለማስከፈል የተጻፈን መዝገብ የሕዝብ ቈጠራ አድርጎ የሚያነብ ሰው የሚወድቅበት ጕድጓድ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው ነገር እንመለስ። ጄምስና ማርቲን የተባሉት እንግሊዛውያን የጋዝ ክሮማቶግራፍን ዘዴ ያሳተሙት በ1952 ነው፤ ማለት የከሰሉ ዘዴ በተጻፈ በዓመቱ ነው። ይህ መሣሪያ ደግሞ የተፈጠረው በተለይ ለሚተኑ ነገሮች ነው፤ የማይተነውን አያስተናግድም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጄምስ ላቭሎክ ኤሌክትሮን የሚይዘውን ጠቋሚ አወጡ። ይህም ጠቋሚ ክሎሪን ላለባቸው ውሁዶች ካለው ንቃት የተነሣ እጅግ ጥቂቱን መጠን ሊያሳይ የሚችል ነው። እንግዲህ ክሎሮፎርምን ለማየት ከዚህ የተሻለ ዐይን አይፈለግም ነበር። ዐይኑ ከአሥር ዓመት በላይ ተከፍቶ ቆየ፤ የሚታየውን ነገር ወደ ዐይኑ የሚያደርስ ግን ጠፋ።

የሚያደርሰውም ዘዴ ቢሆን ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። ውሃውን ወይም ደሙን በተዘጋ ብልቃጥ ከግማሽ በታች ሞልቶ፣ ሙቀቱን ጠብቆ ማቆየትና ከፈሳሹ በላይ ካለው አየር በመርፌ ቀድቶ መመርመር ይቻላል። አየሩና ፈሳሹ የሚከፋፈሉበት ልክ ስለሚታወቅ፣ ከአየሩ ተነሥቶ የፈሳሹን ማስላት ይቻላል። በ1939 ሀርገርና ጓደኞቻቸው የአልኮልን መጠን ከፈሳሽ በላይ ካለው አየር ለክተው ነበር። በ1958 ቦቬይን፣ ፒሮትና በርዤ የተባሉት በኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን በዚሁ መንገድና በጋዝ ክሮማቶግራፍ መረመሩ። በ1967 ደግሞ ፐርኪን ኤልመር የተባለው ኩባንያ ይህን ሥራ በራሱ የሚሠራ መኪና ለገበያ አቀረበ፤ ዋናው አገልግሎቱም የሰከሩ ነጂዎችን ደም መመርመር ነበር።

ስለዚህ ዕውቀቱ ነበረ፤ የነበረው ግን በሌላ ቤት ነው። የውሃ ሰዎች ከሰል ይመዝናሉ፣ የሕግ ሐኪሞች የብልቃጥ አየር ይቀዳሉ። በየሙያው መካከል ያለው አጥር በአገሮች መካከል ካለው ድንበር የሚብስበት ጊዜ አለ። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ የተገኘውም መፍትሔ አጥሩን በዘለለ አንድ ሰው በኩል መምጣቱ ይህንኑ ያጠናክራል።

ሰውዬው ጆሐነስ ሩክ የሚባሉ በሆላንድ አገር የሮተርዳም ከተማ የውሃ ድርጅት ኬሚስት ናቸው። ወደ ውሃ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በቢራ ፋብሪካ ሠርተው ነበር። የቢራ ኬሚስት ደግሞ ሥራው መዓዛ ነው። ከጠርሙሱ ክዳን በታችና ከቢራው በላይ ባለችው ጠባብ ስፍራ የተሰበሰበውን ትነት መርምሮ የጠመቃውን ደኅንነት ይናገራል። የእኛም ጠላ ጠማቂዎች ጋኑን ከፍተው መጀመሪያ የሚያደርጉት ማሽተት ነው፤ ከመቅመስ በፊት ይፈርዳሉ። ሩክ ይህን ልማድ ይዘው ወደ ውሃ ቤት ገቡ።

ሮተርዳም የሬይን ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አካባቢ ናት። ወንዙ ስዊስን፣ ጀርመንንና ፈረንሳይን አልፎ የየአገሩን የፋብሪካ እድፍ ይዞ ስለሚመጣ፣ የከተማይቱ የውሃ ድርጅት ዕረፍት አልነበረውም። በውሃው ውስጥ የሚገኝ ነገር ሁሉ ከወንዙ የመጣ ነው ብሎ ማሰብም የተለመደ ነበር። ሩክ ግን ከወንዙ የመጣውንና ከማጣሪያው የሚወጣውን ውሃ እያነጻጸሩ በተዘጋ ጠርሙስ ሲመረምሩ፣ ከክሎሪኑ በፊት ያልነበሩ ከክሎሪኑ በኋላ ግን የተገኙ አራት ነገሮች አዩ። እነርሱም ክሎሮፎርም፣ ብሮሞፎርምና በመካከላቸው ያሉት፣ ክሎሪንና ብሮሚን የተቀላቀለባቸው ሁለቱ ናቸው። ብሮሚኑ በወንዙ ውስጥ ካለው ብሮማይድ የመጣ ነው። ይህ ከሆነ እነዚህን ነገሮች የሠራቸው ማንም ፋብሪካ ሳይሆን የውሃ ድርጅቱ ራሱ ነው ማለት ነው። ሩክ በዚህ አላቆሙም፤ ከረግረግ ብስባሽ አፈር የወጣ ቡናማ ውሃ ወስደው ክሎሪን ጨመሩበትና ያው ነገር ሲፈጠር አሳዩ። ጥናታቸው በ1974 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የውሃ ማጣራት መጽሔት ወጣ።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር በሲንሲናቲ ከተማ ቶማስ ቤላር፣ ጄምስ ሊክተንበርግና ሮበርት ክሮነር ወደዚሁ መደምደሚያ በሌላ መንገድ ደረሱ። ከተማይቱ የቀድሞው የከሰል ዘዴ የዳበረባት ስትሆን፣ አሁን ደግሞ የእርሱን ሥፍራ የሚወስደው ዘዴ ከእርሷው ወጣ። ሦስቱ ሰዎች በ1970 መጨረሻ በተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። ከብልቃጡ በላይ ያለውን አየር ዝም ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ፣ የሚተነውን ነገር በኀይል ማስወጣት ይሻላል ብለው አሰቡ። 5 ሚሊሊትር ውሃ በቀጭን የመስተዋት ዕቃ ይገባል። ከሥሩ ንጹሕ ጋዝ እንደ ደቃቅ አረፋ ሆኖ ለአሥር ደቂቃ ያህል በውሃው መካከል ያልፋል። የሚተነው ነገር ከአረፋው ጋር ወጥቶ፣ ትነትን በሚይዝ የፕላስቲክ ዘር ዱቄት የተሞላ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይያዛል። ለዚህ የሚያገለግለው ዋናው ዱቄት ቴናክስ የሚባለው ነው። ከዚያ ቱቦው በድንገት ይሞቃል፤ ጋዙ በተገላቢጦሽ ይነፍስበትና የተያዘው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ክሮማቶግራፉ ይገባል።

እዚህ ላይ ቍጥሩን ማስተያየት ይገባል። የከሰሉ ዘዴ 19,000 ሊትር ይፈልግ ነበር፤ ይህ 5 ሚሊሊትር ይበቃዋል። ሬሾው ሦስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ለአንድ ያህል ነው። የናሙናው ማነስ ያመጣው ጥቅም ግን ከድካም መዳን ብቻ አይደለም። በዚህ ዘዴ የሚነካው ማሟሚያ ፈጽሞ የለም፤ የሚደርቅ የለም፣ የሚመዘንም የለም። ቀድሞ መጥፊያ የነበረው ትነት አሁን መያዣ ሆነ።

ነገሩ ከላቦራቶሪ ወደ አደባባይ የወጣው ወዲያው ነው። በኅዳር 1974 በኒው ኦርሊንስ ከተማ የመጠጥ ውሃ ውስጥ 66 ኦርጋኒክ ውሁዶች መገኘታቸውን መሥሪያ ቤቱ አስታወቀ። ከተማይቱ ውሃዋን የምትወስደው ከሚሲሲፒ ወንዝ መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያው ወር ውሃውን ከካንሰር ጋር የሚያያይዝ የአንድ የአካባቢ ተከራካሪ ማኅበር ጥናት ስለ ወጣ ሕዝቡ ታወከ። ለብዙ ጊዜ በምክር ቤት ሲንከባለል የነበረው የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕግ በታኅሣሥ 16 ቀን 1974 በፕሬዚዳንት ፎርድ ተፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት የ80 ከተሞች ውሃ በአዲሱ ዘዴ ተመረመረ። ክሎሮፎርም በሰፊው ተገኘ፤ ከፍተኛው መጠን በማያሚ ከተማ በሊትር 311 ማይክሮግራም ሆነ።

ይህን ቍጥር ከ1962ቱ ደንብ ጋር ላያይዘው። ደንቡ ለኦርጋኒክ ነገሮች ሁሉ በጠቅላላው የፈቀደው በሊትር 0.2 ሚሊግራም፣ ማለት 200 ማይክሮግራም ነበር። በማያሚ አንዱ ክሎሮፎርም ብቻውን ከጠቅላላው ወሰን በላይ ሆነ። በአሮጌው ዘዴ የተለካ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ 311 ማይክሮግራም በሚዛኑ ላይ ዜሮ ነበር። መሣሪያ ነው ወይስ ዝግጅት ነው ለሚለው ክርክር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር ረቂቅ ነው፤ ለእኔ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍልም እርሱ ነው። ጠርሙሱ ተዘጋ፣ ትነቱም ማምለጥ አቆመ፤ አሁን ደግሞ ክሎሮፎርሙ በጠርሙሱ ውስጥ መወለድ ያዘ። በውሃው ውስጥ ገና ያልደከመ ክሎሪን ስላለ፣ ናሙናው ከከተማው ወደ ላቦራቶሪ በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ በላቦራቶሪ የሚነበበው ቍጥር ሰውየው በቧንቧው አጠገብ የጠጣው አይደለም፤ ከዚያ የበለጠ ነው። በፊት ምስክሩ የሚያውቀውን ይደብቅ ነበር፤ አሁን በመንገድ ላይ ምስክርነቱን እያሰፋ ይመጣ ጀመር። የ1975ቱ ምርመራ ናሙናዎች በበረዶ ይላኩ ነበር እንጂ ክሎሪኑን የሚያጠፋ ነገር አልገባባቸውም። በ1976 እና በ1977 በ113 የውሃ ድርጅቶች በተደረገው ምርመራ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ተለዩ። አንዱ ጠርሙስ ሶዲየም ቲዮሰልፌት ይገባበትና ክሎሪኑ ወዲያው ይሞታል፤ ይህ በተቀዳበት ሰዓት ያለውን ይናገራል። ሌላው ጠርሙስ ሳይነካ ይቈያል፤ ይህ ደግሞ ውሃው በቧንቧ ረጅም መንገድ ተጉዞ መጨረሻ ላይ ላለው ቤት ሲደርስ ሊሆን የሚችለውን ይናገራል። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። በጠርሙሱ ላይ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ግን ሁለቱም ዋጋ የላቸውም።

ዛሬም ለሚተኑ ነገሮች ውሃ የሚቀዳ ሰው ሥርዓቱን እንደ ቅዳሴ ይጠብቃል። ብልቃጡ 40 ሚሊሊትር የሚይዝ መስተዋት ነው፤ ክሎሪን ማጥፊያው አስቀድሞ በውስጡ ስለሚገባ ብልቃጡ በውሃው አይለቀለቅም። ቧንቧው ለጥቂት ደቂቃ ይፈስና ፍጥነቱ ይቀነሳል፤ ውሃው በብልቃጡ ጎን ሳይረጭ ይወርዳል። በአፉ ላይ ጉብ እስኪል ይሞላል እንጂ እንዲፈስስ አይፈቀድም፤ ከፈሰሰ ማጥፊያው አብሮ ይሄዳል። ክዳኑ በመርፌ የሚወጋ ጎማ ያለበት ሲሆን፣ ወደ ውሃው የሚዞረው ፊቱ በቴፍሎን የተለበጠ ነው፤ ባዶ ጎማ ትነትን ይጠጣልና። ከተዘጋ በኋላ ተዘቅዝቆ መታ መታ ይደረጋል፤ የአየር አረፋ ከታየ ሥራው እንደገና ነው። አንዲት አረፋ ማለት በብልቃጡ ውስጥ የተሠራች ትንሽ የማምለጫ ጓዳ ናት።

ከናሙናዎቹም ጋር ከላቦራቶሪ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ የተላከ አንድ ብልቃጥ አብሮ ይሄዳል፤ በመንገድ ሳይከፈት አብሮ ይመለሳል። በእርሱ ውስጥ አንዳች ከተገኘ ነገሩ ከመኪናው ወይም ከመጋዘኑ አየር የገባ ነው። ይህ ዝምተኛ ብልቃጥ በታሪክ ምርመራ አቻው ምን ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ምናልባት ስለ ጦርነቱ ምንም የማይመለከተው ሰው በዚያው ሰሞን የጻፈው የገበያ ደብተር ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተያዘው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። በ1976 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲቱት ክሎሮፎርም በብዛት ሲሰጣቸው አይጦች ካንሰር እንደሚይዛቸው ገለጸ። በሌላ በኩል ክሎሪን ቢቀር የሚመጣው ኮሌራና የአንጀት ተስቦ ነው፤ ይህ ደግሞ በአይጥ ሳይሆን በሰው የታየ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ እነዚህን ተረፈ ነገሮች ለመቀነስ ተብሎ ተሐዋስያንን የመግደሉ ሥራ ከቶ እንዳይጓደል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ክርክሩ ክሎሪን ይቅር ወይስ ይኑር የሚል ሳይሆን፣ ቡናማው ነገር ከክሎሪኑ በፊት ምን ያህል ይጣራ የሚል ሆነ። ይህን ለመወሰን የሚታመን ቍጥር ያስፈልጋል። አብዝቶ የሚናገር ቍጥር አንዱን ከተማ ክሎሪን ያስፈራዋል፤ አሳንሶ የሚናገርም ሌላውን ያስተኛዋል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ሕዝብ ከገፈርሳና ከለገዳዲ የሚጠጣው ውሃ ከግድብ የሚመጣና በክሎሪን የሚታከም ስለሆነ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። (ከቧንቧ ውሃ አንዳንድ ቀን የሚሰማን የበረኪና ሽታ የክሎሪኑ ነው፤ ክሎሮፎርሙ በዚህ መጠን ለአፍንጫ አይታወቅም።)

በኅዳር 29 ቀን 1979 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ለአራቱ ውሁዶች ድምር በሊትር 100 ማይክሮግራም የሚል ወሰን አወጣ። የዚህ ደንብ ጠባይ ከ1962ቱ የተለየ ነው። ከቍጥሩ ጋር አባሪ ሆኖ ብልቃጡ እንዴት እንደሚሞላ፣ ክሎሪኑ መቼ እንደሚጠፋ፣ አረፋ እንዳይገባ ምን እንደሚደረግ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። አባሪው ሁለት የአዘገጃጀት መንገዶችን ይፈቅድ ነበር። የመጀመሪያው የቤላርና የሊክተንበርግ የጋዝ አረፋ ነው። ሁለተኛው ከጥቂት ውሃ ላይ ማሟሚያ ፈሳሽ ጨምሮ መወዝወዝና የተሟሟውን ሳያተኑ በቀጥታ ወደ ክሮማቶግራፉ መክተት ነው። ማሟሚያውም ፔንቴን ወይም እርሱን የመሰለ ነው፤ ክሎሪን የለበትም።